ግራናይት ሁሉ መሠረት አይደለም፦ ስለ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ አለቶች አመጣጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የኢትዮጵያን ሥነ ምድር የሚማር ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አንድ ሥዕል በአእምሮው ይቀረጽበታል። ከታች ግራናይትና ልውጥ አለቶች፣ በእነርሱ ላይ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከሁሉም በላይ የእሳተ ገሞራው ባዛልት። ሥዕሉ እውነተኛ ነው፤ በትግራይ ገደሎች ላይ ማንም መንገደኛ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ይሁን እንጂ ከሥዕሉ ጋር ሳይጠራ የሚገባ አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም «ግራናይት ከተገኘ የምድሩ መሠረት ተደርሷል፤ ከዚያ በታች የሚፈለግ ነገር የለም» የሚለው ነው። ይህ እምነት በነጋሽ ወይም በአዶላ ብዙ ጉዳት አያደርስም። ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳ በኩል ወደ ሀብሩ ቆላ፣ ከዚያም ወደ አፋር ለሚወርድ ባለሙያ ግን የስሕተት ሁሉ መነሻ ሊሆንበት ይችላል።

ምክንያቱም ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ በሚገኙበት በምዕራብ አፋር ጠርዝ ላይ እዚህም እዚያም ብቅ የሚሉት የሦስተኛው ዘመን ግራናይቶች ከባዛልቱ ሥር የተኙ አሮጌዎች አይደሉም፤ ባዛልቱን ሰንጥቀው የገቡ፣ ከእርሱ ያነሰ ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ነጋሽ ላይ ግራናይት የባዛልቱ ቅድመ አያት ነው ቢባል፣ በአፋር ጠርዝ ላይ ግራናይት የባዛልቱ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ንግግር ለዚህ አባባል ኬሚስትሪ የሚሰጠውን ምስክርነት ይመረምራል፤ ምስክርነቱ የሚደክምበትንም ቦታ አይሸሽግም። ቀጥሎም ጉዳዩ የውሃ ጉድጓድ ለሚቆፍር፣ መንገድ ለሚቆርጥና ካርታ ለሚያነብ መሐንዲስ ምን እንደሚለውጥ ያሳያል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። በሥራ ዓለም ግራናይት የሚባለው ነገር ብዙ ነው። የወለል ንጣፍ ነጋዴ ተፈልፍሎ ሲወለወል የሚያብረቀርቀውን ጠንካራ ድንጋይ ሁሉ ግራናይት ይለዋል፤ ጥቁሩን ጋብሮ እንኳ «ጥቁር ግራናይት» ብሎ ይሸጠዋል። የአክሱም ሐውልቶችም በመጽሐፍም በንግግርም ግራናይት ሲባሉ ኖረዋል። አለቱ ግን ኔፌሊን ሲዬናይት ነው፤ ግራናይትን ግራናይት የሚያሰኘው ኳርትዝ ከቶ የለበትም። በ1937 ወደ ሮማ ተወስዶ በ2005 የተመለሰውና በ2008 በቦታው እንደገና የቆመው፣ 24 ሜትር ርዝመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው ሐውልት ከዚሁ ድንጋይ የተጠረበ ነው። ለጠራቢው ስሙ ምንም አይጎዳውም። አመጣጡን ለሚጠይቅ ግን የኳርትዝ መኖርና አለመኖር የነገሩ ሁሉ መጀመሪያ ነው።

በሥነ ምድር ቋንቋ ግራናይት ማለት በመሬት ቅርፊት ውስጥ በጥልቀት ቀስ ብሎ የጠጠረ፣ ክሪስታሎቹ በዓይን የሚለዩ፣ ኳርትዝና ሁለት ዓይነት ፌልድስፓር የበዛበት እሳት ወለድ አለት ነው። ሲሊካው ከክብደቱ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ የባዛልት ሲሊካ 50 በመቶ ገደማ ነው። ያው ቅልጥ በጥልቀት መጠጠሩ ቀርቶ ወደ ላይ ወጥቶ ቢፈነዳ ራዮላይት ወይም ኢግኒምብራይት ይሆናል። ስለሆነም በደጋው ላይ የሚታየው ነጣ ያለ የራዮላይት አንባና በጠርዙ ላይ የሚታየው ግራናይት በኬሚስትሪያቸው ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንደኛው ወጣ፣ ሌላው ቀረ። ግራናይቶይድ የሚለው ቃል ደግሞ ከቶናላይት እስከ ግራናይት ያለውን ቤተሰብ በሙሉ የሚያጠቃልል የወል ስም ነው።

ግራናይት ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ የሥነ ምድርን ሊቃውንት ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ አከራክሯል። በፍራይበርግ ያስተምር የነበረው የጀርመኑ ቬርነር ግራናይት ከጥንታዊ ባሕር ውስጥ በመጀመሪያ የዘቀጠ የምድር መሠረት ነው ይል ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ኸተን ግን በ1785 ወደ ግሌን ቲልት ሸለቆ ሄዶ ቀይ የግራናይት ሥሮች ጠቆር ያለውን ልውጥ አለት ሰንጥቀው ሲገቡ አየ። የተሰነጠቀው ቀድሞ የነበረ፣ የሰነጠቀው በኋላ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ግራናይት ቀልጦ የገባ አለት እንጂ የባሕር ዝቃጭ አይደለም። ዛሬ «ግራናይት ተገኘ፤ መሠረት ተደረሰ» የሚል ባለሙያ ሳያውቀው የቬርነር ደቀ መዝሙር ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግራናይት ቀልጦ የገባ ከሆነ ቅልጡ ራሱ ከየት መጣ? ኖርማን ቦወን በ1928 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ባዛልት በዝግታ ሲጠጥር የሚቀረው የመጨረሻ ፈሳሽ ወደ ግራናይት ይጠጋል ብሎ ተከራከረ። ኸርበርት ሪድና የእርሱን መንገድ የተከተሉ ሊቃውንት ደግሞ አብዛኛው ግራናይት በተራራ ሰንሰለቶች ሥር የነበረ አሮጌ ቅርፊት ተለውጦና ቀልጦ የተገኘ ነው አሉ። በ1947 በኦታዋ በተደረገ ጉባኤ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ክርክሩም በዚያ አልተቋጨም። በ1958 ተትልና ቦወን የቤተ ሙከራ ውጤታቸውን ሲያወጡ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ እንጂ አልቀለለም። የግራናይት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች መጠን በዝቅተኛው ሙቀት ከሚቀልጠው ድብልቅ ጋር የሚገጥም ሆኖ ተገኘ። ይህ ድብልቅ ደግሞ ባዛልት ሲጠጥር የመጨረሻው ቀሪ ፈሳሽ፣ አሮጌ ቅርፊት መቅለጥ ሲጀምር ደግሞ የመጀመሪያው ወጪ ፈሳሽ ነው። ከሁለት አገር የመጡ መንገደኞች በአንድ በር ቢወጡ፣ በሩ ላይ ቆሞ አገራቸውን መለየት አይቻልም። የሲሊካ፣ የፖታሲየምና የሶዲየም መጠን ብቻውን የግራናይትን ትውልድ የማይናገረው ስለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምርመራው ወደ ጥቃቅኖቹ ንጥረ ነገሮችና ወደ አይሶቶፕ ዞረ። አውስትራሊያውያኑ ቻፔልና ዋይት በ1974 ከእሳት ወለድ አለት የቀለጠውን ግራናይት ከዝቃጭ አለት ከቀለጠው ለዩ። ሎይዜልና ዎንስ በ1979 ሦስተኛ ወገን ጨመሩ፤ ይኸውም ተራራ በሚገነባበት ሳይሆን ምድር በሚሰነጠቅበት ቦታ የሚገኝ፣ ውሃው ያነሰ፣ ሶዲየሙና ፖታሲየሙ የበዛ ግራናይት ነው። ፒርስና ባልደረቦቹ በ1984 የሩቢዲየም፣ የይትሪየምና የኒዮቢየም መጠን እየተነጻጸረ ግራናይት የተወለደበትን ቦታ የሚገመቱባቸውን ሰንጠረዦች አቀረቡ። እነዚህ ሰንጠረዦች ዛሬ በእያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ይገኛሉ፤ ብዙ ጊዜም ከሚገባቸው በላይ ይታመናሉ። ሰንጠረዥ ናሙናው የት እንደተቀመጠ ያሳያል እንጂ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አይናገርም።

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። የዚህን አገር አለቶች በዘመናዊ መንገድ መጀመሪያ የገለጸው በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር ከዙላ እስከ መቅደላ የተጓዘው ዊልያም ብላንፎርድ ነው። ጦሩ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ አንባ ሲያመራ እርሱ ድንጋይ ይመረምር ነበር። ከአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ያየውን የታችኛውን ባዛልት የአሸንጌ ክፍል፣ ከላዩ በትራካይት የተቀላቀለውን የመቅደላ ክፍል ብሎ ሰየመ። ከመቶ ዓመታት በኋላ ዛኔቲንና የፓዶቫ ባልደረቦቹ ክፍፍሉን አስፍተው አሸንጌ፣ አይባ፣ አላጄና ጣርማ በር የሚሉትን ስሞች አጸኑ። ስሞቹ ዛሬም በካርታ ላይ ይኖራሉ። ዕድሜን በሚመለከት ግን በ1997 ሆፍማንና ባልደረቦቹ በአርጎን ዘዴ ያወጡት ውጤት የቀድሞውን ግምት አናውጦታል፤ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚወፍረው ይህ የባዛልት ክምር በአብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

ይህ ለግራናይቱ ጥያቄ ታላቅ ነገር ነው። የቦወን አሳብ በሌላው ዓለም ከሚገጥመው ችግር ዋናው የመጠን ችግር ነው። ከባዛልት ቅልጥ መጀመሪያ የሚጠጥሩት ኦሊቪን፣ ፓይሮክሲንና ካልሲየም የበዛበት ፕላጂዮክሌዝ ማግኒዥየሙን፣ ብረቱንና ካልሲየሙን ይዘው ይዘቅጣሉ፤ ቀሪው ፈሳሽ በሲሊካ፣ በሶዲየምና በፖታሲየም እየበለጸገ ይሄዳል። ጠላ ሲሰነብት አተላው ወርዶ ላዩ እንደሚጠራ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ከአሥር እጅ ዘጠኙ አተላ መሆኑ ነው። እንግዲህ አንድ ኪሎ ሜትር ኩብ ግራናይት ለማግኘት አሥር ኪሎ ሜትር ኩብ ያህል ባዛልት ያስፈልጋል። ግራናይቱ በሰፊው ተዘርግቶ ባዛልቱ በማይታይበት አገር «አሥር እጁ የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ ቦወንን ያስጨንቃል። በወሎ ግን ባዛልቱ በሽ በሽ ነው፤ አንባው፣ ገደሉ፣ የወንዙ ጠጠር ሁሉ ባዛልት ነው። ግራናይቱ ግን ትንሽ ነው። መጠኑ ራሱ ለቦወን ይመሰክራል።

ሁለተኛው ምስክር በደጋው ላይ ይገኛል። በወገል ጤና በኩል ከባዛልቱ በላይ የተነጠፉት ኢግኒምብራይቶች (በ2008 የተገኘው የወሎ ኦፓል ያለበት ተከታታይ ክምር ይኸው ነው) ደረጀ አያሌውና ባልደረቦቹ በ2002 ባሳተሙት ጥናት በኬሚስትሪም በአይሶቶፕም ተመርምረዋል። ድምዳሜያቸው አለቶቹ በአብዛኛው ከባዛልቱ ጋር ከሚመሳሰል ቅልጥ ደረጃ በደረጃ በመጠጠር የተገኙ ናቸው፤ የአሮጌው ቅርፊት ድርሻ ውሱን ነው የሚል ነበር። ደረጀ አያሌውና ገዛኸኝ ይርጉ በ2003 ደግሞ የራዮላይቶቹ ጠባይ ከአካባቢ አካባቢ እንደሚለያይና ልዩነቱም በየአካባቢው ካለው ባዛልት ልዩነት ጋር የሚዛመድ መሆኑን አመለከቱ። ባዛልቶቹም በእርግጥ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ፒክና ባልደረቦቹ በ1998 እንዳሳዩት በምዕራብ ቲታኒየም ያነሰባቸው፣ በምሥራቅ በላሊበላ አቅጣጫ ቲታኒየም የበዛባቸው ይገኛሉ። ልጅ አባቱን መምሰሉ የትውልድ ማስረጃ ከሆነ፣ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ተቃውሞ የለም ማለት አይደለም። ከባዛልት ወደ ራዮላይት የሚደረገው ጉዞ ደረጃ በደረጃ ከሆነ በመካከል ያሉት አለቶች በብዛት መገኘት ነበረባቸው፤ ሲሊካቸው በግምት በ55ና በ65 በመቶ መካከል ያሉት ግን በደጋውም በጠርዙም ጥቂቶች ናቸው። ይህ ክፍተት በሬጅናልድ ዴሊ ስም ይጠራል። ብዙዎች በዚህ ተነሥተው ራዮላይቱ ከሌላ ምንጭ፣ ማለትም ከቅርፊት መቅለጥ የመጣ ነው ብለው ነበር። ነገር ግን የብረትና የቲታኒየም ኦክሳይዶች መጠጠር ሲጀምሩ የቀሪው ፈሳሽ ሲሊካ በጥቂት ጥጥረት ብቻ በፍጥነት ይዘላል፤ በመካከለኛው ደረጃ ያለው ቅልጥም በክሪስታል ስለሚሞላ ከብዶ ከሥር ይቀራል። ስለዚህ የመካከለኛው አለት መጥፋት አልተወለደም ማለት ሳይሆን አልወጣም ማለት ሊሆን ይችላል።

ወደ ጠርዙ ስንወርድ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ምድር በስብራት እየተቆራረሰ በደረጃ ወደ አፋር ዝቅ ይላል። ከደጋው እግር ሥር የቆቦና የግራና ሸለቆዎች ተዘርግተዋል። ባዛልቱ ያዘነበለ ነው፤ ብዙ ዳይኮች ማለትም በስንጥቅ ውስጥ ገብተው እንደ ግድግዳ የጠጠሩ አለቶች ይሰነጣጥቁታል። የጠርዙ አልካሊ ግራናይቶች የዚህ የመሰንጠቅ ዘመን ሥራዎች ናቸው። በብዛት የሚጠቀሰው ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ከባዛልቱ ጎርፍ በኋላ፣ ቀይ ባሕርና አፋር ሲከፈቱ ማለት ነው። በቀይ ባሕር ማዶም አምሳያቸው አለ፤ ከታዒዝ ከተማ በላይ የሚታየው የጀበል ሰብር ግራናይት በዚያው ዘመን የየመንን ባዛልት ሰንጥቆ የገባ ነው። ሁለቱ ጠርዞች ቀድሞ አንድ አገር ነበሩ።

የእነዚህ ግራናይቶች ኬሚስትሪ የራሱ ምልክቶች አሉት። ዚርኮኒየም፣ ኒዮቢየምና ይትሪየም ይበዛባቸዋል፤ ካልሲየም፣ ስትሮንሲየምና ባሪየም ያንሳቸዋል። ሶዲየምና ፖታሲየም ተደምረው ከአሉሚኒየም ሲበልጡ ፌልድስፓር ሁሉንም ሊይዝ አይችልም፤ ትርፉ በአረንጓዴው ኤጂሪንና በሰማያዊ ጥቁሩ ሪቤካይት ውስጥ ይገባል። በመዶሻ የተሰበረ ናሙና ላይ ከብርማ ሚካ ይልቅ እነዚህ ጠቆር ያሉ እንጨት መሰል ክሪስታሎች ከታዩ፣ ቤተ ሙከራ ሳይደረስ ግማሹ መልስ ተገኝቷል። ዩሮፒየም የተባለው ብርቅዬ ንጥረ ነገርም ይመሰክራል። ዩሮፒየም ከወንድሞቹ ተለይቶ በካልሲየም ቦታ ፕላጂዮክሌዝ ውስጥ መግባት ይወዳል። ስለዚህ ብዙ ፕላጂዮክሌዝ ጥሎ የመጣ ቅልጥ ዩሮፒየሙ ጎድሎ ይገኛል። ረጅም የመጠጠር ታሪክ ያለው ግራናይት ይህን ጉድለት እንደ ጠባሳ ይዞ ይኖራል።

ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ግን የስትሮንሲየም አይሶቶፕ ስለሆነ፣ የሚያሳስተውም እርሱ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ሩቢዲየም 87 ወደ 50 ቢሊዮን ዓመት በሚጠጋ ግማሽ ዕድሜ ወደ ስትሮንሲየም 87 ይለወጣል። አሮጌ ቅርፊት ሩቢዲየም ስለሚበዛበት የስትሮንሲየም 87 ለ86 ንጽጽሩ ከፍ ይላል፤ ከ0.710 በላይ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከቅርፊቱ በታች ካለው ማንትል የመጣ ባዛልት ግን ከ0.703 እስከ 0.704 ገደማ ያሳያል። እንግዲህ አንድ የጠርዝ ግራናይት ቢለካና 0.734 ቢገኝ ብዙዎች «አሮጌ ቅርፊት ቀልጧል» ብለው ሊፈርዱ ይችላሉ። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። ለምሳሌ ያህል ናሙናው በሚሊዮን 150 እጅ ሩቢዲየምና 5 እጅ ስትሮንሲየም ብቻ ያለው ይሁን፤ ለአልካሊ ግራናይት ይህ እንግዳ ቁጥር አይደለም። የሩቢዲየም 87 ለስትሮንሲየም 86 ንጽጽሩ 87 ያህል ይሆናል። በ25 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ራሱ አለቱ በውስጡ የሚጨምረው 0.030 ነው። ከ0.734 ላይ 0.030 ሲቀነስ 0.704 ይቀራል፤ ይህም የማንትል ቁጥር ነው። አንድም የአሮጌ ቅርፊት ፍርፋሪ አላስፈለገም። ዕድሜው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ብቻ ቢሳሳት ደግሞ የመነሻው ቁጥር በ0.0012 ይዛባል፤ የማንትሉ ሙሉ ስፋት ከዚህ አይበልጥም። ስለዚህ ዕድሜው በጥንቃቄ ያልተለካ አልካሊ ግራናይት በስትሮንሲየም ሊፈረድበት አይገባም።

ኒዮዲሚየም ከዚህ ይሻላል። ሳማሪየምና ኒዮዲሚየም ጠባያቸው ስለሚቀራረብ ቅልጡ ሲጠጥር ብዙ አይለያዩም፤ በ25 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ የሚጨመረው 0.0002 እንኳ አይሞላም፤ የዕድሜ ስሕተትም እምብዛም አይጎዳውም። ይሁን እንጂ ኒዮዲሚየምም በሰሜን ኢትዮጵያ አንድ ድካም አለበት፤ ድካሙ ከመሣሪያው ሳይሆን ከአገሩ የመጣ ነው። ከወሎ ባዛልት ሥር ያለው መሠረት የዐረብና የኑብያ ጋሻ ክፍል ሲሆን፣ ከ850 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ በውቅያኖስ ደሴቶች ቅስት ላይ ከማንትል የተወለደ፣ ከዚያም የተገጣጠመ ነው። የነጋሽ ግራናይት ለምሳሌ አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቹ በ2004 እንዳሳተሙት 608 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። ይህ ለሰው ልጅ አእምሮ እጅግ ሩቅ ነው፤ ለአይሶቶፕ ሰዓት ግን ገና ወጣት ነው። እንደ ታንዛኒያ ባለ ሁለት ቢሊዮን ተኩል ዓመት ያለፈው ቅርፊት ላይ የተቀመጠ ግራናይት የዋጠውን አሮጌ አለት ወዲያው ይናዘዛል። የወሎው ግን የዋጠው ነገር ራሱ የማንትል ልጅ ስለሆነ ጣዕሙ አይለይም። ስለሆነም «የቅርፊት ምልክት አልተገኘም» ማለትና «ቅርፊት አልገባበትም» ማለት በወልድያ ዙሪያ አንድ አይደሉም። የኒዮቢየም ለላንታነምና የሴሪየም ለእርሳስ ንጽጽሮች፣ የኦክስጅን አይሶቶፕም ሊጨመሩ ይገባል፤ አንዱ ብቻውን አይበቃም።

የወገን ስሙ ራሱ ዕድሜን እንደማይተካም መታወስ አለበት። ከመሰንጠቅ ጋር የሚያያዘው የግራናይት ወገን ሁሉ የአፋር ዘመን ሰው አይደለም፤ የኮንሶው ግራናይት ከዚሁ ወገን ሆኖ ሳለ በ2003 የታተመው ዕድሜው 449 ሚሊዮን ዓመት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ መሐንዲሱን ምን ያገባዋል? ከውሃው መጀመር ይሻላል። በትግራይ የአዲግራቱን የአሸዋ ድንጋይ አልፎ ግራናይት ላይ የደረሰ ቆፋሪ መሣሪያውን ቢነቅል ትክክል ነው። በሀብሩ ግን የግራናይት ቺፍስ ከጉድጓድ መውጣቱ ባዛልቱ አልቋል ማለት አይደለም። ግራናይቱ ባዛልቱን ሰንጥቆ የገባ ከሆነ፣ ጥቂት ሜትሮች ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ሌላ ባዛልት ሊኖር ይችላል፤ የባዛልቱ የፍሰት ድንበሮችና ስንጥቆች ደግሞ ውሃ ከሚገኝባቸው ቦታዎች ዋናዎቹ ናቸው። በቆቦና ግራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ለመስኖ ሲለማ ዓመታት አልፈዋል፤ ሸለቆውን የሞላው ደለል ከየትኛው አለት እንደመጣ፣ ከሥሩም የትኛው አለት እንዳለ ማወቅ ጉድጓዱ የሚሰጠውን ውሃ ለመገመት ያስፈልጋል። የተሳሳተ መሠረት የተሣለበት የከርሰ ምድር ሞዴል በሒሳቡ ቢያምርም ገበሬው ዘንድ ሲደርስ ደረቅ ቧንቧ ነው።

ስሕተቱን ለማስቀረት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ኸተን በግሌን ቲልት ያደረገውን ማድረግ ይበቃል። ሁለቱ አለቶች የሚገናኙበት መስመር ይፈለግ። ባዛልቱ በመገናኛው ላይ ከተጠበሰና ከጠነከረ፣ የግራናይቱ ጠርዝ በፍጥነት ቀዝቅዞ ክሪስታሉ ከደቀቀ፣ ቀጫጭን የግራናይት ሥሮች ወደ ባዛልቱ ከገቡ፣ የባዛልት ስባሪዎችም በግራናይቱ ውስጥ ተይዘው ከተገኙ፣ ግራናይቱ ታናሽ ነው። በተቃራኒው ግራናይቱ ከላዩ በስብሶ፣ በብስባሹ ላይ የግራናይት ጠጠር ያለበት የአሸዋ ድንጋይ ከተነጠፈ፣ ግራናይቱ አሮጌ መሠረት ነው። ከ2015 ጀምሮ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሀራ ገበያ ለሚዘልቀው የባቡር መስመር ሲባል የተቆረጡት ገደሎችና የተፈለፈሉት ዋሻዎች በዚሁ ጠርዝ ላይ ቀድሞ ያልታዩ ገጽታዎችን ከፍተዋል። የተቆረጠ አለት በክረምት ዝናብ ቶሎ ይጎሳቆላል፤ ናሙናው ሳይቆይ ቢሰበሰብ ይመረጣል።

ከውሃው ብዛት ቀጥሎ ጥራቱ አለ። አልካሊ የበዛባቸው ግራናይቶችና ራዮላይቶች ፍሎሪን ይሸከማሉ። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውሃ የዓለም የጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን በላይ ፍሎራይድ ይዞ የልጆችን ጥርስና የጎልማሶችን አጥንት ሲጎዳ መኖሩ የታወቀ ነው። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ፍሎራይድን አስሮ ያስቀራል፤ ከባዛልት የሚወጣ ውሃ ብዙ ጊዜ ደኅና የሚሆነው በከፊል ስለዚህ ነው። ካልሲየም የሌለው ግራናይት ይህን ጥበቃ አይሰጥም። በመርሳና በሀብሩ ከግራናይት ወይም ከራዮላይት ስንጥቅ ውሃ የሚቀዳ ጉድጓድ ለሕዝብ ከመሰጠቱ በፊት ፍሎራይዱ ቢለካ ወጪው ከአንድ ቀን የጭነት መኪና ኪራይ አይበልጥም።

ስለ ግንባታ ድንጋይ ጥቂት። ጤነኛው ግራናይት መልካም ጠጠር ይሆናል፤ የበሰበሰው ግን በእጅ ይፈረፈራል፤ ለገረጋንቲ ካልሆነ ለኮንክሪት አይሆንም። በአንድ ካባ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚገኙ የላዩን ናሙና ብቻ ይዞ መፍረድ አያዋጣም። መስታወት መሰል የሆነው ራዮላይትና ኢግኒምብራይት ደግሞ ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር ተዋሕዶ ኮንክሪትን ከዓመታት በኋላ ሊሰነጥቅ ስለሚችል ቀድሞ መፈተን ያሻዋል።

ማዕድን ፍለጋም በትውልድ ይመራል። በጉጂ ዞን የቀንጢቻ ታንታለም ያለው ከአሮጌው መሠረት ጋር በተያያዘ ፔግማታይት ውስጥ ነው። በአፋር ጠርዝ ግራናይት ውስጥ ያንን ዓይነት ታንታለም ወይም ወርቅ መፈለግ በተሳሳተ ቤት ማንኳኳት ይሆናል፤ እዚህ የሚጠየቁት ዚርኮኒየም፣ ኒዮቢየምና ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች ናቸው። በዓለም ላይ አልካሊ ግራናይቶች እነዚህን በብዛት የሚሰበስቡባቸው ቦታዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን አይሰበስቡም፤ ተስፋውም በዚሁ ልክ መያዝ አለበት።

በመጨረሻም ለወጣት ባልደረቦች የሚተው አንድ ጥያቄ አለ። በጠርዙ ግራናይት ውስጥ የአሮጌው ቅርፊት ድርሻ ስንት እንደሆነ ለመፍረድ ብዙዎች ዚርኮን የተባለውን ማዕድን ይተማመናሉ። ዚርኮን እጅግ ጽኑ ስለሆነ አሮጌ አለት ሲቀልጥ እንኳ እምብርቱ ሳይቀልጥ ሊቀርና የ600 ወይም የ800 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜውን ይዞ በአዲሱ ግራናይት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። አንድም እንዲህ ያለ እምብርት ከጠርዙ ግራናይት ቢወጣ ጉዳዩ በአንድ ቀን ይለወጣል። ባይወጣስ? ዋትሰን በ1979 ባደረገው የቤተ ሙከራ ሥራ እንደታየው አልካሊ ከአሉሚኒየም የበለጠበት ቅልጥ ዚርኮኒየምን እጅግ ብዙ አድርጎ ያሟሟል። የተዋጠ አሮጌ ዚርኮን በእንዲህ ያለ ቅልጥ ውስጥ እንደ ጨው በውሃ ሊሟሟ ይችላል። ስለዚህ ፍለጋው መጀመር ያለበት አልካሊው ከበዛበት ከግራናይቱ እምብርት ሳይሆን ቶሎ ከቀዘቀዘው ጠርዙ፣ እንዲሁም አልካሊው ካልበረታባቸው ዳይኮች ነው፤ ተርፎ የሚገኝ አሮጌ ዚርኮን ካለ ሊገኝ የሚችለው በእነዚህ ውስጥ ነው።